ሻዬን ስጨርስ ያልኩት እኔ አልነበርኩም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በአዳራሹ ምሳ አድርገውልኝ ነበር። ንግግር ተደረገ፣ ጋቢ ተሸለምኩ። ከዚያ አንዱ ማይኩን አነሣና «እንግዲህ የታደሰን ዘፈን ለራሱ እንዝፈንለት» አለ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ሻዬን ስጨርስ»ን ዘፈነ። ጭብጨባውም፣ ሳቁም፣ የትከሻው ውዝዋዜም ለእኔ ክብር ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እያጣጠፍኩ ቆየሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ባለቤቴ ይህን አይታ እጄን ያዘችኝ። ከሥራ መሰናበቴ የከበደኝ መስሏታል። ቤት ገብተን እውነቱን ነገርኳት። ከዚያ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይዞህ ነው?» አለችኝ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በመምህርነት ነው። ከሐረር ወጣ ባለችው ሶፊ ውስጥ፣ ዙሪያውን የጫት ማሳ በከበበው ትምህርት ቤት፣ አማርኛ አስተምር ነበር። ልጆቹ በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ስለሆነ የአማርኛው ሰዋስው አልገባ ሲላቸው ትምህርቱን በግጥም እየጻፍኩ አዜምላቸው ጀመር። የነጠላና የብዙ ቁጥር ዘፈን ነበረን፤ የኃላፊና የትንቢት ጊዜ ዘፈን ነበረን። በአንድ የወላጆች በዓል ላይ ልጆቹ ሲዘፍኑ የሰማ ሰው ስሜን ይዞ ሄደ። ከዓመት በኋላ ሐረር ከተማ ውስጥ የሙዚቃ ቡድን ወዳለው አንድ መሥሪያ ቤት በግጥም ባለሙያነት ተዛወርኩ። ደመወዙ ከመምህርነቱ እምብዛም አይሻልም ነበር። ግን ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር አጠገብ ካለው ከተወለድኩበት ቤት በእግሬ የምሄድበት ሥራ ስለሆነ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው አለቃዬ ግጥምን የሚለኩት በመልእክት ብዛት ነበር። ስለ ክትባት፣ ስለ እርከን፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ጽፌአለሁ። አንድ ጊዜ ስለ አጎበር የጻፍኩትን አንብበው «ጥሩ ነው፣ ግን ስለ እጅ መታጠብ አይናገርም» ብለው መለሱልኝ፤ እኔም ሁለት ስንኝ ጨመርኩበት። ሙያዬን የወደድኩት በእሳቸው ዘመን አይደለም።

እሳቸው ሲዛወሩ አቶ ሙሉጌታ መጡ። አባታቸው በወጣትነታቸው ዳንስ የሚወዱ ሰው ስለነበሩ አቶ ሙሉጌታ ያደጉት የድሮዎቹን የናስ ባንዶች ዘፈን እየሰሙ ነው። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እንደዚያ ያለ አዲስ ሥራ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ክላርኔት፣ ሳክስፎንና ትራምፔት ያለበት፣ ሰው ተቃቅፎ የሚደንስበት ስዊንግ፤ ግን ቃሉ የሐረር ሰው ቃል የሆነ። ከእኛ መካከል ስዊንግ የሚያውቅ አልነበረም። ትራምፔት የሚነፋው ባልደረባዬ «ጋሽ ኢድሪስ አሉ አይደል? መኪና ግርግር ሂድና ጠይቃቸው» አለኝ።

መኪና ግርግር በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጋሽ ኢድሪስ እዚያ ልብስ ይሰፋሉ። ወጣት ሳሉ በአንድ የወታደር ባንድ ክላርኔት ተጫውተዋል፤ ባንዱ ሲበተን ወደ አባታቸው ሙያ ተመለሱ። ስደርስ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ቀጭን ሰው የሰው ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። አፋቸው ውስጥ የክላርኔቱን ሸምበቆ፣ ድምፅ የሚያወጣውን ስስ ቁራጭ፣ ይዘዋል። ሸምበቆው ደርቆ አይጮኽምና ለመንፋት ሲያስቡ አፋቸው ውስጥ አድርገው እያራሱ ስፌታቸውን ይቀጥላሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ቀና ሳይሉ ግጥሜን እንዳነብላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

ከያዝኳቸው ስንኞች አንዱ «ሰፊ ቤት አላት ውዴ» ይላል። ሸምበቆውን ከአፋቸው አወጡና ቃሉን በስዊንግ አዜሙት። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ።

«የእኔን ቤት ነው እንዴ የምትላት?» አሉ።

ዜማው ላይ «ሰፊ» የሚለው ቃል ሁለት አጫጭር ኖታ ላይ ስለወደቀ «ፊ» መጥበቋ ጠፍቶ ነበር። ሰፊው ቤት የልብስ ሰፊ ቤት ሆነ። ስዊንግ ውስጥ ሁለት ኖታ እኩል ቢጻፍም እኩል አይመታም፤ የመጀመሪያው ይንቀራፈፋል፣ ሁለተኛው ሮጦ ይደርስበታል። ጋሽ ኢድሪስ ያን ዕለት ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። የሚጠብቅ ፊደል ጊዜ ስለሚፈልግ ረጅሙን ኖታ ለእሱ ስጠው፤ የሚላላውን አጭሩ ላይ ጣለው አሉኝ። ይህን ፊደሉ አያሳይህም፣ ጆሮህ ነው የሚያሳይህ አሉ። ለዓመታት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ስለ አማርኛ ከልብስ ሰፊ ተማርኩ። ቤታቸው የሚናገሩት ደግሞ ሐረሪ ነው።

እንዲህ ሆነን ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። ስምንት ዘፈን አወጣን። አንዱ ሸዋ በር ላይ ተሳፋሪ ስለሚጠራ የሚኒባስ ረዳት ነበር፤ ሌላው ለሠርግ የሚሆን ጨርቅ መምረጥ አቅቷት ሱቅ ለሱቅ ስለምትዞር ሴት ነበር። ቡድናችን እሑድ ከሰዓት በአንድ ሆቴል ግቢ ሲጫወት ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስቶች መጥተው ይደንሱ ነበር።

የጋሽ ኢድሪስን አሠራር ከቅርብ አይቼዋለሁ። ግጥም ሳነብላቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ግድግዳው ዞረው ይሰማሉ፤ «ፊትህ ላይ ያለው ስሜት ቃሉን እንዳያሳምርብኝ ነው» ይላሉ። ሦስት ጊዜ ሳላነብ አስተያየት አይሰጡም። ዜማ ሲመጣላቸው በስፌት ጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይጽፉታል። የሶላት ሰዓት ሲደርስ የትኛውም ስንኝ ላይ ብንሆን ተነሥተው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ካቆምንበት ቃል ይጀምራሉ። ከሁሉ በላይ ግን የማልረሳው አንድ ጥያቄያቸውን ነው። ግጥሙ አልቆ፣ ቃሉና ዜማው ገጥሞ፣ እኔ ወረቀቴን ላጥፍ ስል ሁልጊዜ «ሰውየው ቢሰማው ምን ይላል?» ይሉኛል። የሚኒባስ ረዳቱ ቢሰማው፣ ጨርቅ መራጯ ብትሰማው ማለታቸው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ መልስ ካልሰጠሁ ዘፈኑ ከሱቃቸው አይወጣም ነበር። ለረዳቱ ዘፈን ስል ሸዋ በር ወርጄ አንዱን ረዳት አስቁሜ አንብቤለታለሁ።

በስድስተኛው ዓመት ጋሽ ኢድሪስ ከልምምድ መቅረት አመጡ። ሱቃቸውንም በጊዜ ይዘጋሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ወይዘሮ ሳፍያ፣ ባለቤታቸው፣ እንደታመሙ ብቻ ነገሩኝ። አንድ ቀን ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ «ና፣ ቤት እንሂድ፤ ማየት አለብህ» አሉኝ።

ቤታቸው በጠባቡ መንገድ ገባ ብሎ ሦስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። በራቸው ላይ ስንደርስ ጋሽ ኢድሪስ ኮፍያቸውን አስተካክለው አንኳኩ። ግራ ገባኝ። ከውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ እሳቸውም በሐረሪ መለሱ፤ ከዚያ በሩን ገፍተው ገባን። ወይዘሮ ሳፍያ ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። መልካም ሴት ናቸው፤ ሳቅ ብለው ተቀበሉን። ልጃቸው ናጃት ሻይ ቀዳችልን። ጥቂት እንደቆየን ወይዘሮ ሳፍያ ባላቸውን እያዩ አንድ ነገር ጠየቁ፣ ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበር። ጋሽ ኢድሪስ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው እያሳዩ መለሱላቸው። ወይዘሮ ሳፍያ ተረጋጉ። ጋሽ ኢድሪስ ያችን ሻይ ጠብ ጠብ እያደረጉ ባለቤታቸው እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ አቆዩዋት።

ስንወጣ ግቢው በር ላይ ቆመው የተባባሉትን በአማርኛ ነገሩኝ። የወይዘሮ ሳፍያ በሽታ ባላቸውን ከአእምሯቸው አጥፍቶታል። ልጃቸውን ያውቃሉ፣ ጎረቤት ያውቃሉ፤ አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ሰው ግን አያውቁም። አንድ ቀን እንደ ወትሮው ሳያንኳኩ ሲገቡ ሌባ ገባ ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ኢድሪስ የራሳቸውን በር እያንኳኩ፣ ማነው ሲባሉ እንግዳ ነኝ እያሉ ይገባሉ። ወይዘሮ ሳፍያ እንግዳ ያከብራሉና ሻይ ያስቀዱላቸዋል። ቆይተው ግን ይጨነቃሉ፤ የማያውቁት ወንድ ቤታቸው ተቀምጧልና «መቼ ነው የምትሄደው?» ይላሉ። ጋሽ ኢድሪስ «ሻዬን ስጨርስ» ይላሉ። በዚህ ቃል ባለቤታቸው ይረጋጋሉ።

«ከዚህ በቀር የሚያረጋጋት ቃል አላገኘሁም» አሉኝ። «ታዴ፣ ይኼ ነገር ከአንተ አይውጣ።»

እኔም በእናቴ ስም ማልኩላቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ለአንድ ትልቅ የከተማ በዓል አዲስ ዘፈን እንድናቀርብ ታዘዝን። ከሌላ ከተማ እንግዶች ስለሚመጡ አቶ ሙሉጌታ ዘፈኑ ፈጣንና የሚያስቅ እንዲሆን አጥብቀው አሳሰቡ። ጋሽ ኢድሪስ ያን ሁሉ ተሸክመው ዜማውን በአንድ ሳምንት ሠሩት። እስካሁን ከሰማኋቸው ዜማዎቻቸው ሁሉ የበለጠ ደስ የሚለው እሱ ነው። ክላርኔቱ ይጠይቃል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሊሰማው አይችልም። በቁራጭ ጨርቅ የጻፉትን ሰጡኝና ቃል እንዳገባበት ነገሩኝ።

ቃል አልመጣልኝም። ሁለት ሳምንት ሞከርኩ። ዜማው ጥያቄና መልስ ስለሆነ ጥያቄና መልስ ያለው ታሪክ ይፈልጋል። ስለ ገበያ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። ስለ ሽማግሌዎች ጨዋታ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። አቶ ሙሉጌታ በየቀኑ ይጠይቁኛል። ለበዓሉ አምስት ቀን ሲቀር ቢሮዬ ተቀምጬ ዜማውን ሳንጎራጉር «መቼ ነው የምትሄደው?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ጊዜ ገጠመ። መልሱም ተከትሎ ገጠመ። እጄ ቆመ። ከወንበሬ ተነሥቼ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ቆየሁ፣ ይህን አስታውሳለሁ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩና ጻፍኩት። በግማሽ ሰዓት አለቀ።

የራሱን ቤት ደጃፍ ቆሞ ያንኳኳል፣
ሚስቱ «ማነህ?» ስትል «እንግዳ ነኝ» ይላል።
«መቼ ነው የምትሄደው?» ስትለው ተቆጥታ፣
«ሻዬን ስጨርስ ነው» ይላታል በደስታ።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነበር። ሚስቲቱን ቁጡ አድርጌ፣ ባልየውን አምሽቶ የሚገባ ቀልደኛ አድርጌ ስለጻፍኩ የእነሱ ታሪክ መሆኑ ቀርቷል አልኩ። ስም አልጠራሁም አልኩ። ግን ሳላምንበት ነው። የማላምንበት መሆኑን የማውቀው በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ግጥሙን ለጋሽ ኢድሪስ ሳላነብ በቀጥታ ለዘፋኛችን ለደረጀ በመስጠቴ ነው። ጋሽ ኢድሪስ ሲጠይቁኝ ገና አላለቀም አልኳቸው። «ሰውየው ቢሰማው ምን ይላል?» የሚለውን ጥያቄያቸውን ፈርቼ ነው።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት ልምምድ ነበረን። ጋሽ ኢድሪስ ክላርኔታቸውን ገጣጥመው ቦታቸውን ያዙ። ቃሉን የሰሙት እዚያው፣ እየነፉ ሳሉ ነው። ደረጀ «የራሱን ቤት ደጃፍ» ብሎ ሲጀምር ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ክላርኔቱ ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ። አልቆመም። «ሻዬን ስጨርስ» የሚለው ሲደርስ ባንዱ በሙሉ ሳቀ፣ አቶ ሙሉጌታ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ክላርኔቱ ቦታውን ጠብቆ እስከ መጨረሻው ነፋ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሽ ኢድሪስ ወደ እኔ አልዞሩም። ወደ ደረጀ ዞረው በሥራ ድምፃቸው ተናገሩ።

«‹ስጨርስ› ላይ ‹ር›ዋን አጥብቃት፣ ትሮጥብሃለች።»

ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ወጥተው ተጫወቱ፤ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ሕዝቡ ዘፈኑን ሦስት ጊዜ አስደገመው። ሦስቱንም ጊዜ ነፉ። ከዚያ ክላርኔቱን በሣጥኑ ከተው ሄዱ፣ ወደ ቡድናችንም ዳግመኛ አልመጡም።

ዘፈኑ ከተማውን ወሰደው። አስተናጋጅ ሒሳብ ሲጠይቅ «ሻዬን ስጨርስ» ይባላል። የባጃጅ ሹፌር ለምን አትንቀሳቀስም ሲባል «ሻዬን ስጨርስ» ይላል። እኔ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ፣ በሥራ ደረጃዬም አንድ ከፍ አልኩ። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ያቅፈኝ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ይህንንም ልጻፍ፤ በእነዚያ ወራት ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ ጋሽ ኢድሪስ ማሰብ ስጀምር ብቻ ወደ ሌላ ሐሳብ እሸሻለሁ። መኪና ግርግርን ትቼ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ናጃት ቢሮዬ መጣች። በአንድ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ታደሰ፣ አባቴ መምጣቴን አያውቅም» አለችኝ። «አንድ ነገር እንዲያውቁ ብቻ ነው የመጣሁት። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ጎረቤቶች ዘፈኑ ስለ ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። አባቴ በር ሲያንኳኳ ልጆቻቸው ከግድግዳው ማዶ ሆነው ይዘፍናሉ። አሁን ያቺን ቃል መናገር አልቻለም። እናቴ መቼ ነው የምትሄደው ስትለው የሚመልስላት የለውም። ይነሣና ይወጣል። ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እስክትተኛ ይጠብቃል።»

ምን አልኳት? ዘፈኑ ስለ አባቷ እንዳልሆነ ነገርኳት። አንድ ሰው በቀልድ መልክ ያወራኝ ነገር ነው፣ መገጣጠም ነው አልኳት። እየተናገርኩ ሳለሁ የምታየኝ ዓይን አሁንም ትዝ ይለኛል። ሳትቆጣ ሰማችኝ። ስጨርስ «እሺ» ብላ ወጣች።

ልከተላት እችል ነበር። ዘፈኑ በሬዲዮ እንዳይሰማ፣ ቡድኑም እንዳይጫወተው አቶ ሙሉጌታን መለመን እችል ነበር፤ ባላደርገውም እንኳ ሄጄ የጋሽ ኢድሪስ እግር ላይ መውደቅ እችል ነበር። ምንም አላደረግኩም። ከሰባት ዓመት በኋላ ወይዘሮ ሳፍያ ዐረፉ። በእኛ ከተማ ክርስቲያን የእስላም፣ እስላም የክርስቲያን ለቅሶ አይቀርም። መሥሪያ ቤታችን በሙሉ ሄደ። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ወጥቼ ነበር፤ የግቢያቸው መግቢያ ጋ ደርሼ ቁርኣን የሚያነቡትን ሰዎች ድምፅ ሰማሁ። እዚያ ቆሜ ጋሽ ኢድሪስን ምን ብዬ አጽናናቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ አሞኝ ነበር አልኩ። ከዘፈኑ ይልቅ ይህ ያሳፍረኛል። ዘፈኑን የጻፍኩት በግማሽ ሰዓት ነው፤ ከለቅሶው ስቀር ግን ለማሰብ ሰባት ዓመት ነበረኝ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ቤቲ የምትባል ወጣት ሳክስፎን ተጫዋች ቤቴ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር ባንድ አቋቁመዋል፣ የድሮ ስዊንግ ይጫወታሉ፤ የእኔንና የጋሽ ኢድሪስን ዘፈኖች በአዲስ መልክ ሊቀዱ አስበዋል። የሁለታችን ፊርማ ያለበት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። ለጋሽ ኢድሪስ እኔ እንድወስድላቸው ለመነችኝ። በእሷ ግምት ሁለት የድሮ ወዳጆች ነን። ባለቤቴ ከጓዳ ትሰማን ነበር፤ ወጥታ አየችኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ጋሽ ኢድሪስ ሱቃቸውን ለዘመድ ሰጥተው ቤት ነው የሚውሉት። በሩን የከፈተችልኝ ናጃት ናት። ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየችኝና መንገድ ለቀቀችልኝ። እሳቸው ነደባው ላይ ተቀምጠዋል፣ በጣም ቀጥነዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሰላምታዬን በጨዋነት መለሱ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ወረቀቱን አላወጣሁም። ቆሜ እንዳለሁ የጻፍኩት የእርስዎን ታሪክ ነው፣ የማልኩትን መሐላ አፍርሻለሁ፣ ለልጅዎ ዋሽቻለሁ፣ ለቅሶም ከደጅዎ ተመልሻለሁ አልኳቸው። ጋሽ ኢድሪስ እስክጨርስ ጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ለምን?»

«ስንኝ አጥቼ» አልኩ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

«ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር» አሉኝ። «ወላሂ እሰጥህ ነበር፣ ታዴ። ዜማውን ግን እቀይረው ነበር። ያንን ዜማ የሠራሁት ሰው እንዲስቅበት ነው። ለሳፍያ ሌላ እሠራላት ነበር።»

ከተናገሩኝ ቃል ሁሉ ይህ ነው የሰበረኝ። ቢሰድቡኝ፣ ከቤታቸው ቢያስወጡኝ ይቀለኝ ነበር። በእርጋታ የነገሩኝ ስለ አንድ ዘፈን ነበር፤ ሊኖር ይችል ነበር፣ አሁን ግን ማንም ሊጽፈው አይችልም።

ወረቀቱን ያወጣሁት ናጃት ስትጠይቀኝ ነው። እሷ አንብባላቸው ጋሽ ኢድሪስ ሰሙና ከ«ሻዬን ስጨርስ» በቀር በሌሎቹ ዘፈኖች ሁሉ ፈረሙ። ለእሱ ግን ቅድመ ሁኔታ ሰጡ፤ ዜማው ያለ ቃል ይሁን አሉ። ዜማው ምንም አላጠፋም፣ የባንዱ ልጆች ይጫወቱት አሉ። ናጃት የግጥም ደራሲ በሚለው ቦታ ላይ «የለውም» ብላ ጻፈችና ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ ሳነበው መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነበር። የሠላሳ ዓመት ሥራዬ፣ ከተማው የሚያውቀኝ በዚህ ነው፣ ስሜ ግን የለም ብዬ ከፋኝ። ያን ሁሉ ተናዝዤ ገና ሳልወጣ። ይህንንም አልደብቅም።

ለቤቲና ለጓደኞቿ ቃሉ ለምን እንደቀረ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወጣቶቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ቤቲ ግን የተባለውን እንደሚፈጽሙ አረጋገጠችልኝ።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዘፈኖቹን በአንድ አዳራሽ አቀረቡ። ናጃት አባቷን ይዛ መጥታ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። ያ ዜማ ሲጀመር፣ ክላርኔቱ ሲጠይቅ፣ አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ የፈራሁት ሆነ። ዘፋኝ ባይኖርም ሕዝቡ ቃሉን ያውቀዋል። ከመካከል አንድ ሰው ጀመረው፣ ሌሎቹ ተከተሉት፣ «የራሱን ቤት ደጃፍ» ማለት ጀመሩ። የጋሽ ኢድሪስ ትከሻ ሲጠብብ ከኋላ አየሁ።

ተነሥቼ በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ ፊት ሄድኩ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ቤቲ ስታየኝ እጇን አንሥታ ባንዱን አቆመች፣ ማይኩንም ሰጠችኝ።

«ይህን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቃሉ የእኔ አልነበረም። ከአንድ ሰው ቤት የሰረቅሁት ነው፤ ሰውየውንም ጎድቼበታለሁ። እባካችሁ አትዝፈኑት። ዜማውን ብቻ ስሙልኝ።»

አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጥቂቶች አጨበጨቡ። የገባቸው ሰዎች ግን ነበሩ፤ ከእነሱ ጀምሮ ጸጥታው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተዳረሰ። ባንዱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔ ማይኩን መልሼ የምሄድበት ጠፍቶኝ ቆምኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተመልሼ ኋላ ድረስ መሄድ አቃተኝ።

ጋሽ ኢድሪስ ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ የተጣጠፈ ሻርፕ አስቀምጠው ነበር። ወደ እኔ ሳያዩ ሻርፑን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

ተቀመጥኩ። እስኪያልቅ ድረስ አብረን ሰማን። ይቅርታቸው ይሁን፣ ወይም ቆሞ ለቀረ ሰው ቦታ መልቀቃቸው ብቻ ይሁን አላውቅም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።